አዲስ የመጣ ውሻ ቤት እንዳያቆሽሽ ስለ ማልመድ
ለሰቆጣና ለዋግ ኽምራ እናቶችና ቤተ ሰቦች የተሰጠ ንግግር



ዛሬ የምንነጋገርበት ነገር ለአንዳንዶቻችሁ የሚያስቅ ይመስል ይሆናል። ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ ንጹሕ ውሃ፣ ስለ እጅ መታጠብ ብዙ ጊዜ ሰምታችኋል። ዛሬ የምንናገረው ግን ስለ ውሻ ነው፤ ያውም አዲስ መጥቶ ቤት ውስጥ ስለሚያቆሽሽ ውሻ። «ለውሻ ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል?» የምትሉ ካላችሁ እስቲ ጥቂት ታገሡንና ስሙን። ውሻው ባቆሸሸው ወለል ላይ የሚድኸው የእናንተው ሕፃን ነውና።

ውሻ አትያዙ አንልም። ሌባ ሲመጣ ይጮኻል፤ ጅብ ወደ ፍየሉ በረት ሲጠጋ ያስታውቃል፤ ከእረኛው ጋር ውሎ ከእረኛው ጋር ይገባል። ፍየልና በግ የሚያረባ ቤተ ሰብ ያለ ውሻ እንዴት ተኝቶ ያድራል? «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባል የለ። የምንለው ሌላ ነው፤ ውሻው የሚጸዳዳበትን ቦታ አስተምሩት ነው የምንለው።

አዲሱ ውሻ ወደ ቤታችሁ የሚመጣው በሁለት መንገድ ነው። አንድም ከጎረቤት የተገኘ፣ ገና ከእናቱ ጡት የተለየ ቡችላ ይሆናል። አንድም ባለቤቱ አገር ለቆ ሄዶበት ወይም ሞቶበት የመጣ ያደገ ውሻ ይሆናል። በደጋው ሌሊት ብርዱ ሲጠና፣ ጅቡም ሲያስፈራ፣ ቡችላው ቤት ይገባና ከምድጃው አጠገብ ይተኛል። ጧት የቤቱ እመቤት እሳት ልታነድ ስትነሣ ከመደቡ ሥር ወይም ከቡሃቃው አጠገብ ሽንትና ዓይነ ምድር ታገኛለች። ትቆጣለች፤ ቡችላውን በመጥረጊያው ትመታዋለች፤ ቆሻሻውን ጠርጋ ከደጃፍ ትጥለዋለች። በማግሥቱ ቡችላው እዚያው ቦታ ላይ ደግሞ ያቆሽሻል። እንዲህ እየሆነ ወር ሁለት ወር ይሄዳል፤ ቡችላው ሰው በመጣ ቁጥር የሚደበቅ ፈሪ ይሆናል፤ ወለሉም አይጸዳም።

ይህ ነገር በጥቂት ሳምንት ትዕግሥት የሚቀር ነው። እንዴት እንደሆነ እንነግራችኋለን። አስቀድመን ግን ለምን መቅረት እንዳለበት እንናገር።

፩. በውሻ ዓይነ ምድር ውስጥ ምን አለ?

ሽታውን ሁሉም ያውቀዋል። የማይታየው ግን ከሽታው የባሰ ነው፤ ይኸውም የትል እንቁላል ነው። ከብዙዎቹ ሁለቱን ብቻ እንነግራችኋለን።

የመጀመሪያው የውሻ ወስፋት ነው። ቡችላ ይህን ትል ገና በእናቱ ማሕፀን ሳለ ይወርሰዋል፤ ከተወለደም በኋላ ከእናቱ ወተት ጋር ይጠባዋል። ስለዚህ ቡችላው ወፍራም ቢሆን፣ ጠጉሩም ቢያምር፣ ትል የለበትም ብላችሁ አትመኑ። አንዲት ሴት ትል በቀን እስከ 200,000 የሚደርስ እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ እንደ ወጣ ወዲያው ሰውን አይጎዳም፤ አፈር ውስጥ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ያህል ከቆየ በኋላ ነው የሚጎዳው። ይህን ልብ በሉ፤ ዛሬ ተነሥቶ የተቀበረ ቆሻሻ ከዚህ ትል በኩል አያሰጋም፤ ተጠርጎ ከደጃፍ የተጣለ ግን ወር ሳይሞላው መርዝ ይሆናል። ሕፃን በደጃፍ ሲጫወት አፈር ይቅማል፤ ጣቱን ይጠባል። እንቁላሉ ሆዱ ውስጥ ሲፈለፈል ትንንሾቹ ትሎች ወደ ጉበት፣ ወደ ሳምባ፣ አንዳንድ ጊዜም ወደ ዓይን ይሄዳሉ። ዓይን የገባው የልጁን አንድ ዓይን ሊያጠፋ ይችላል።

ሁለተኛው በውሻ አንጀት የምትኖር ትንሽ የኮሶ ዓይነት ናት። የሰው ኮሶ ረጅም እንደሆነ ታውቃላችሁ። ይህች ግን ከ3 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ብቻ ናት፤ ከገብስ ፍሬ አትበልጥም። ውሻውን ብዙም አታሳምመውም። እንቁላሏ ግን ከውሻው እንደ ወጣ ወዲያው ሰውን ለመያዝ የተዘጋጀ ነው። በወለል፣ በውሃ፣ በጎመን ላይ፣ በውሻው ጠጉር ላይም ይገኛል። ሰው ሲውጠው በጉበቱ ወይም በሳምባው ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ያበቅላል። ከረጢቱ ቀስ እያለ ለዓመታት ያድጋል፤ ሰውየው ሳያውቀው ብርቱካን የሚያህል፣ ከዚያም የሚበልጥ ይሆናል። ብዙ ጊዜ ሐኪም በቀዶ ሕክምና ያወጣዋል። በአገራችን በደቡብ ኦሞ በዳሰነችና በኛንጋቶም ሕዝብ ዘንድ፣ በጎረቤታችን በኬንያም በቱርካና ሕዝብ ዘንድ ይህ በሽታ ብዙ ሰው ማጥቃቱ ታውቋል። ከብት፣ በግ፣ ፍየልና ውሻ በአንድ ግቢ በሚኖሩበት አገር ሁሉ የሚያሰጋ በሽታ ነው፤ የእኛም አገር እንዲሁ ነው።

በ2007 ዓ.ም. በከተማችሁ ስም የተጠራው «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ይፋ መሆኑን ታስታውሳላችሁ። እስከ 2022 ዓ.ም. ድረስ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር 2030 ማለት ነው፣ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰው መቀንጨር እንዲቀር የታሰበበት ነው። ለዚህም ምግብ ብቻውን አይበቃም ተብሎ ንጹሕ ውሃና ንጽሕና አብረው ገብተዋል። ሕፃን የበላው ምግብ ሥጋና አጥንት የሚሆነው ሆዱ ደኅና ሲሆን ነው። ዛሬ ተቅማጥ፣ ነገ ተቅማጥ፣ ከነገ ወዲያ ትል ከሆነ ግን፣ እናቱ ከአፏ ነጥቃ ያጎረሰችው ሁሉ ከንቱ ይቀራል። የእንስሳት ቆሻሻ ያለበት ወለል እንዲህ ያለውን በሽታ ከሚያመጡት ነገሮች አንዱ ነው።

፪. ውሻው ለምን ቤት ውስጥ ያቆሽሻል?

ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ እናንተን ለማናደድም አይደለም። ያላወቀውን ነገር ነው የምትጠይቁት። እስቲ በእሱ ቦታ ሆናችሁ አስቡ። ውስጡም አፈር ነው፤ ውጭውም አፈር ነው። «ይህኛው አፈር ቤት ነው፤ ያኛው አፈር ደጅ ነው» ብሎ ማን ነገረው?

ሁለተኛም ቡችላ እንደ ሕፃን ነው፤ ሽንቱን መያዝ አይችልም። ሁለት ወር የሆነው ቡችላ ቀን ቀን ሁለት ሰዓት ያህል ቢታገሥ ነው፤ ሦስት ወር የሆነውም ሦስት ሰዓት ያህል። አራት አምስት ወር እስኪሞላው ድረስ ሙሉ ሌሊት ይያዝ ማለት አይቻልም።

ሦስተኛው ምክንያት ሽታው ነው። የውሻ አፍንጫ ከእኛ እጅግ ይበልጣል። ለእናንተ የጠፋው ሽታ ለእሱ አልጠፋም፤ ስለዚህ «መጸዳጃዬ ይህ ነው» ብሎ ወደዚያው ይመለሳል።

ለእኛ የሚረዳን አንድ ነገር ግን አለ። ውሻ በተፈጥሮው በሚተኛበት ቦታ ላይ መጸዳዳት አይወድም። ማልመጃው የሚጀመረው ከዚህ ነው።

፫. እንዴት እናልምደው?

መጀመሪያ ቦታውን ምረጡ። ከቤቱ ጀርባ፣ ከአጥሩ ጥግ፣ ልጆች ከማይጫወቱበት፣ እህል ከማይሰጣበት ስፍራ ይሁን። ከምንጭ ወይም ከጉድጓድ ውሃ ቢያንስ 30 ሜትር፣ በእርምጃ 40 ያህል ይራቅ፤ ከውሃውም በታች በኩል እንጂ በላይ በኩል አይሁን፤ ዝናብ ሲዘንብ ጎርፉ ወደ ውሃው እንዳይወስደው። ቦታው አንድ ብቻ ይሁን፤ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ካላችሁት ይደናገራል። በመጀመሪያው ቀን ከራሱ ዓይነ ምድር ጥቂት በገል አንሥታችሁ እዚያ አኑሩለት፤ ሽታው ራሱ ይጠራዋል።

ቀጥሎ ጊዜውን እወቁ። ቡችላ የሚጸዳዳበት ጊዜ የታወቀ ነው። ከእንቅልፉ እንደ ነቃ፣ ከበላና ከጠጣ በኋላ፣ ከተጫወተ በኋላ፣ ማታም በር ከመዘጋቱ በፊት ነው። ከበላ በኋላ ብዙ አይቆይም፤ ቡና ተቆልቶ እስኪወቀጥ ድረስ ነው። በእነዚህ ጊዜያት ሁሉ አንድ ሰው ራሱ ይዞት ይውጣ። ከደጃፍ ገፍትሮ በር መዝጋት አይጠቅምም፤ ቡችላው በሩን ሲጭር ይቆይና ተመልሶ ሲገባ ቤት ውስጥ ይጸዳዳል። እቦታው ድረስ ውሰዱት፤ እስኪጨርስም ዝም ብላችሁ ጠብቁት።

አንድ ቃል ልመዱ። «ውጣ» ብትሉ «ውጣ» ይሁን፤ ዛሬ «ሂድ»፣ ነገ «ውጣ»፣ ከነገ ወዲያ «ወግድ» አይሁን። በኽምጣና ይሁን በአማርኛ፣ አባትም እናትም ልጅም ያንኑ ቃል ይናገሩ።

በቦታው ሲጸዳዳ እዚያው ወዲያውኑ «ጎሽ!» በሉት፤ ራሱን ዳበስ አድርጉት፤ የቂጣ ወይም የእንጀራ ቁራሽ ስጡት። ወዲያውኑ የምንለው በምክንያት ነው። ወደ ቤት ከተመለሳችሁ በኋላ ብትሰጡት፣ የተሰጠው ወደ ቤት ስለ ገባ ይመስለዋል። አንዲት እናት፣ «ለልጆቼ ያጠረኝን ለውሻ ልቁረስ?» ትል ይሆናል። እውነቷን ነው። ስለዚህ ተጨማሪ አትስጡት፤ ከዚያው ከሚበላው ፍርፋሪ ላይ ጥፍር የምታህል ብቻ ቀንሳችሁ ያዙ። እሷው ትበቃዋለች።

ምግቡንም በሰዓት ስጡት። ቀኑን ሙሉ ሲለቃቅም የሚውል ቡችላ ቀኑን ሙሉ ሲያቆሽሽ ይውላል። ቡችላን በቀን ሦስት ጊዜ፣ ያደገውን ሁለት ጊዜ መመገብ ይበቃል። የማታውን ፀሐይ ሳትጠልቅ ስጡት፤ ከመተኛቱ በፊት ወጥቶ እንዲጸዳዳ። ውሃ ግን አትከልክሉት።

ምልክቱንም ተመልከቱ። መሬት እያሸተተ የሚዞር፣ ወደ ጥግ የሚሄድ፣ ጨዋታውን ድንገት ትቶ የሚቅበጠበጥ ቡችላ ሊጸዳዳ ነው። ያን ጊዜ ሳትጮኹ አንሥታችሁ ወደ ውጭ ውሰዱት።

እናት ውሃ ልትቀዳ ወይም ገበያ ልትሄድ ስትነሣስ? ቡችላውን ቤት ዘግታችሁበት አትሂዱ። በግቢው ጥላ ባለበት ቦታ በእንጨት ወይም በድንጋይ ትንሽ አጥራችሁ፣ ውሃ አኑራችሁለት፣ እዚያ ተዉት።

፬. የሌሊቱ ነገር

በሌላ አገር መጽሐፍ፣ ቡችላውን በእኩለ ሌሊት ወደ ውጭ አውጡት ይላል። በዋግ ሌሊት ጅብ አለ፤ በአንዳንድ ቦታም ነብር አለ። ስለዚህ እኛ እንዲህ እንላለን። ከመተኛታችሁ በፊት ትልቅ ሰው ባትሪና በትር ይዞ ያውጣው። ከዚያ በኋላ ከበሩ አጠገብ፣ ከምድጃውና ከልጆች መኝታ ራቅ አድርጋችሁ ጠበብ ያለ መተኛ አብጁለት፤ አሮጌ ሳጥን ወይም በድንጋይ የተከበበ ጥግ ይበቃል። ተነሥቶ ዞሮ መተኛት የሚችልበትን ያህል ብቻ ይስፋ። ከሰፋ አንዱን ጥግ መኝታ፣ አንዱን ጥግ መጸዳጃ ያደርገዋል። ከመተኛው ፊት ለፊት በአሮጌ ጣባ ወይም በተቆረጠ ጀሪካን አመድና አፈር አድርጋችሁ አኑሩ። ሌሊት ቢቸግረው እዚያ ይጸዳዳል፤ ጧት ትልቅ ሰው ወስዶ ይቀብረዋል።

ሌሊት ሲነጫነጭ ከሰማችሁ ዝም በል ብላችሁ አትቆጡት፤ «መኝታዬን ላቆሽሽ አልወደድሁም» ማለቱ ነው። ጧት እሳት ሳይነድ፣ ቡና ሳይቆላ፣ የመጀመሪያው ሥራ እሱን ማውጣት ይሁን። እያደገ ሲሄድ ይህ ሁሉ ይቀርና ደጅ አድሮ የሚጠብቅ ውሻ ይሆናል።

፭. ቤት ውስጥ ቢያቆሽሽ ምን ይደረግ?

እየተጸዳዳ ሳለ ካገኛችሁት አጨብጭቡና አንሥታችሁ ወደ ውጭ ውሰዱት፤ ውጭ ሲጨርስ «ጎሽ» በሉት። ከቆየ በኋላ ካገኛችሁት ግን ቡችላውን ተዉት፤ ወለሉን ያዙ።

አፍንጫውን ከቆሻሻው ላይ የሚያሹ፣ በትር የሚያነሡ አሉ። ይህ አይጠቅምም፤ እንዲያውም ይጎዳል። ውሻ ቅጣትን የሚያገናኘው ያን ጊዜ ከሚያደርገው ነገር ጋር ነው እንጂ ሌሊት ካደረገው ጋር አይደለም። ጧት የምትመቱት ውሻ «ሰው ሲነሣ ይመታኛል» ብሎ ይማራል። ከዚያ በኋላ ሰው እያየው መጸዳዳትን ይፈራል፤ ውጭ ብታወጡት አይጸዳዳም፤ ተደብቆ ከጎታው ጀርባ ይጸዳዳል። ስለዚህ በትሩ ችግሩን ከዓይናችሁ ደበቀው እንጂ አላጠፋውም።

ወለሉ እንዴት ይጸዳል? ውሃ ከሩቅ በጀሪካን እንደምታመጡ እናውቃለን። ለአፈር ወለል ብዙ ውሃ አያስፈልግም። ዓይነ ምድሩን በገል ወይም በአካፋ አንሡ፤ እጃችሁን በፌስታል ብትሸፍኑ ደግ ነው። ከዚያ የረጠበውን አፈር በዶማ ጫር አድርጋችሁ አብራችሁ አውጡ፤ ሽታው ያለው በዚያ አፈር ውስጥ ነውና። በጉድጓዱ አመድ ጨምሩ፤ በላዩ ንጹሕ አፈር መልሱ፤ ደልድላችሁም ለቅልቁት። አመድ ብቻ በላዩ መበተን አይበቃም፤ ለእኛ ይሸፍነዋል፤ ለውሻው ግን አይሸፍነውም። ቁርበት ወይም ሰሌን ከሆነ በሳሙና አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት። ልብስ ከሆነ በፈላ ውሃ ዘፍዝፋችሁ እጠቡ፤ የትል እንቁላል ለሙቀት ይሸነፋልና።

ያወጣችሁትን ከደጃፍ አትጣሉት። ለውሻው በመረጣችሁት ቦታ ክንድ የሚያህል ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩ፤ በየቀኑ የሚለቀመውን እዚያ እየጨመራችሁ አመድና አፈር አልብሱት፤ ሲሞላ በድንጋይ ደፍናችሁ ሌላ ቆፍሩ። ይህን ትልቅ ሰው ይሥራው፤ ለሕፃን አይታዘዝ። ሲጨርስም እጁን በሳሙና፣ ሳሙና ከሌለ በአመድ ይታጠብ። ሊጥ ከመንካት በፊት፣ ሕፃን ከማጉረስ በፊት፣ ጡት ከማጥባት በፊት ይህ መታጠብ ፈጽሞ አይቅር።

፮. ያደገ ውሻ ሲሆን

ያደገ ውሻ ከሌላ ቤት መጥቶ ቢያቆሽሽ «እልኸኛ ነው» አትበሉ። የቀድሞ ቤቱን ደንብ እንጂ የእናንተን አያውቅም። እንደ ቡችላው ከመጀመሪያው አስተምሩት፤ ሽንቱን መያዝ ስለሚችል ቶሎ ይለምዳል።

ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት የታሰረ ውሻ በታሰረበት ይጸዳዳል፤ ሌላ ምን ያድርግ? በቆሻሻው ላይ ተኝቶ ጠጉሩን ያቆሽሻል፤ ልጆች ሲዳብሱት ያው ቆሻሻ ወደ እጃቸው ይመጣል። ጧትና ማታ ፈትታችሁ ወደ ቦታው ውሰዱት።

ወንድ ውሻ እግሩን እያነሣ በምሰሶና በበር ላይ ጥቂት ጥቂት ቢሸና፣ ይህ የአገሬ ወሰን ይህ ነው ማለቱ ነው። ቦታውን አጥባችሁ ሽታውን አጥፉ፤ ልቡ እስኪረጋም ከቤት ውጭ ይዋል። ሰው ሲጠጋው ጎንበስ ብሎ የሚሸና ደግሞ የፈራ ውሻ ነው። ምናልባት በቀድሞ ቤቱ ተደብድቦ ይሆናል። ይህን ብትመቱት ይብስበታል፤ ቀስ ብላችሁ ወደ ጎኑ ቁጭ በሉና ራሱ ይምጣ።

ደኅና ለምዶ የነበረ ውሻ ድንገት ማቆሸሽ ቢጀምር፣ ቢያስቀምጠው፣ ደም ወይም ትል ቢታይበት ታሟል ማለት ነው። ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት።

፯. ቦታ ማልመድ ብቻውን አይበቃም

በቦታው የሚጸዳዳ ውሻ ሆዱ ትል የሞላ ከሆነ ሥራችሁ ግማሽ ነው። ያችን ትንሽ ኮሶ ውሻ ከየት ያገኛታል? እኛው ነን የምናበላው። ጾም ሲፈታ፣ ለፋሲካ ወይም ለገና በግ ሲታረድ፣ ጉበቱ ወይም ሳምባው ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይታያል። «ይህ ለሰው አይሆንም» ተብሎ ለውሻ ይወረወራል። በዚያ ከረጢት ውስጥ ያለው የትሏ ዘር ነው። ውሻው በበላው በአንድ ወር ተኩል ያህል ትሏ አድጋ እንቁላሏን በግቢያችሁ መዝራት ትጀምራለች። እንቁላሉን ፍየሉ ከሣር ጋር ይበላዋል፤ ልጁም ከእጁ ይልሰዋል። ስለዚህ ከረጢት ያለበትን ሥጋ ወይ አቃጥሉት፣ ወይ ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣው በጥልቅ ቀብራችሁ ድንጋይ ጫኑበት። ለውሻው መስጠት ካስፈለገ ከግማሽ ሰዓት በላይ እየተንተከተከ ይቀቀል።

የትል መድኃኒት ከእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ። ለቡችላ ወስፋት አንድ መድኃኒት፣ ለኮሶዋ ፕራዚኳንቴል የሚባል ሌላ መድኃኒት አለ፤ ልኩም በውሻው ክብደት ነው። የፍየልና የበግ መድኃኒት በግምት አትስጡት። መድኃኒቱ በተሰጠ በሁለት ሦስት ቀን የሚወጣውን ዓይነ ምድር ሁሉ ለቅማችሁ አቃጥሉት ወይም በጥልቅ ቅበሩት፤ መድኃኒቱ ትሏን ይገድላል እንጂ እንቁላሏን አይገድልምና።

በዚያው ጊዜ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ጠይቁ። ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፤ ከዚያም ባለሙያው ባለው ጊዜ ይደገማል። አዲስ የመጣ ውሻ፣ ቡችላም ቢሆን፣ ሰው ከነከሰ ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡ፤ በዚያው ቀንም ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። በ1877 ዓ.ም. ሉዊ ፓስተር የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ በውሻ የተነከሰ የ9 ዓመት ልጅ ከትቦ አድኗል፤ ከዚያ ወዲህ ክትባቱን በጊዜው የጀመረ ሰው ይድናል። በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ ግን መዳን የለም ማለት ይቻላል። ወደ ጸበል የሚሄድም ሰው አስቀድሞ ቁስሉን ይጠብ፤ ክትባቱንም ይጀምር።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ እንናገር። የቤቱ ሰው ሁሉ ከቤት ጀርባ ሜዳ ላይ የሚጸዳዳ ከሆነ፣ የሕፃኑም ዓይነ ምድር ከደጃፍ የሚጣል ከሆነ፣ ውሻው ከማን ይማር? ያንኑ ይበላና በዚያው አፉ ሳህን ይልሳል፣ የሕፃኑን ፊት ይልሳል። የውሻው ትምህርት ከሰው መጸዳጃ ቤት ጋር አብሮ ይሂድ። ውሻውም የራሱ ጣባ ይኑረው፤ በሰው ሳህን አይብላ።

በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የሕዝብ ጤና አጠባበቅ ኮሌጅ ሲከፈት፣ የጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና የአካባቢ ጤና ጠባቂው አብረው ወደ ገጠር የሚወጡ እንዲሆኑ ታስቦ ነበር፤ በሽታ ከመታከም አስቀድሞ በቤት ይከላከሉት ተብሎ። ዛሬ በየቀበሌያችሁ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም የምትነግራችሁ ይህንኑ ነው። ልጃችሁ ቢያስቀምጠው፣ ሆዱ ቢነፋ፣ ዓይኑ ቢፈዝ ለእሷ ንገሯት፤ ውሻ በቤት መኖሩንም አትደብቋት።

እንግዲህ የተናገርነውን በአጭሩ እንሰብስበው። ለውሻው አንድ ቦታ ምረጡ። ሲነቃ፣ ሲበላ፣ ሲጫወትና ከመተኛቱ በፊት ወደዚያ ውሰዱት። በቦታው ሲጸዳዳ ወዲያው «ጎሽ» በሉት። ቤት ውስጥ ቢያቆሽሽ ውሻውን አትምቱ፤ አፈሩን ጫሩና ለውጡ። ቆሻሻውን በየቀኑ ቅበሩ፤ እጃችሁን ታጠቡ። ከረጢት ያለበትን ሥጋ ጥሬውን አትስጡት። መድኃኒቱንና ክትባቱን አትርሱ።

በመጀመሪያው ሳምንት ብዙ የሚለወጥ አይመስላችሁም። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ግን ቡችላው ራሱ ወደ በሩ ሄዶ ሲጭር ታዩታላችሁ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉት አባቶቻችን እንዲህ ያለውን ነው። በሩን ስትከፍቱለት ወለሉ ለልጃችሁ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል።